እጣቢው ወዴት ይሄዳል

በመቱ ከተማ ጧት ጧት ቡና የማይፈላበት ቤት ጥቂት ነው። ቡናው ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ የቤቱ እመቤት ሲኒዎቹን ታጥባለች፤ እጣቢውንም ወደ ደጅ አውጥታ ከአጥሩ ሥር ትደፋዋለች። ፀሐይ ከሆነ ያ ቦታ ቶሎ ይደርቃል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ውኃ የፈሰሰበት መሆኑ አይታወቅም። ስለዚህ ያየ ሰው ሁሉ እጣቢው ጠፋ ብሎ ያስባል። ነገር ግን ውኃ ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

ከእጣቢው አንዳንዱ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ እድፉን ግን በመሬት ላይ ጥሎት ይሄዳል። አንዳንዱ ወደ መሬት ይሰርጋል። ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዱ ነውና፥ ክረምት በገባ ጊዜ ጎርፉ በየአጥሩ ሥር የቀረውን ሁሉ ጠርጎ ቁልቁል ይወስደዋል። የሳሙናው አረፋ፥ የከብቱ እበት፥ ሜዳ ላይ የተጣለውም የሰው ዓይነ ምድር፥ ሁሉም በአንድነት ወደ ጅረት ይወርዳል፤ ጅረቱም ወደ ሶር ወንዝ ይገባል።

ሶር በመቱ አጠገብ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ከዚያ ወርዶ ከገባ ወንዝ ጋራ ይቀላቀላል። ገባም ከብርብር ጋራ በተገናኘ ጊዜ ሁለቱ ስማቸውን ትተው ባሮ ይባላሉ። ባሮ ከደጋው ወርዶ በጋምቤላ ከተማ በኩል ያልፋል፤ ከፒቦር ወንዝም ጋራ ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም በደቡብ ሱዳን አገር ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። መቱ ከባሕር በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ውኃ ሁልጊዜ ወደ ዝቅተኛው ይሄዳልና፥ በላይ ያለ ሰው የደፋውን በታች ያለ ሰው ይቀዳዋል። የመቱ ሰው የጋምቤላን ሰው አያውቀው ይሆናል፤ ውኃው ግን ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

እድፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ ይኸውም ጭቃ፥ ገለባና ቁራጭ ጨርቅ ነው። ይህ ዓይን ያስከፋል እንጂ ብዙ አያስፈራም፤ በወንፊት ይያዛል፥ ውኃውም ጸጥ ብሎ ከቆየ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሁለተኛው በውኃው ውስጥ የሟሟ ምግብ ነው፤ ስኳር፥ ቅባት፥ የእህል ትርፍራፊና ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። ሦስተኛው የበሽታ ዘር ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራ ሲሆን በዓይን ከቶ አይታይም፤ ስለዚህ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ውኃ አይደለም።

ይህ ነገር በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1854 በግልጥ ታየ። ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ በእጅ እየተገፋ ውኃ የሚያወጣ አንድ የጉድጓድ መሳቢያ ነበረ። የውኃው ጣዕም መልካም ስለ ነበረ አንዲት ባልቴት በሌላ ሩቅ ሰፈር ተቀምጣ ሳለች ከዚያ እያስቀዳች ትጠጣ ነበር። በዚያ ዓመት በሰፈሩ ኮሌራ ገባና በጥቂት ቀኖች ውስጥ ብዙ ሰው ፈጀ፤ የሞቱት ሁሉ ሲቈጠሩ ከ600 በላይ ሆኑ። ያች ባልቴትም ሞተች። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ከቤት ወደ ቤት እየሄደ የሞቱት ሰዎች ከየት ይቀዱ እንደ ነበረ ጠየቀ፤ አብዛኞቹም ከዚያው መሳቢያ የጠጡ ሆነው አገኛቸው። ስለዚህ የከተማው ሹማምንት የመሳቢያውን እጀታ እንዲያስነቅሉ ለመናቸው፤ እነርሱም አስነቀሉት። በእውነቱ በሽታው ከዚያ በፊት መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ብዙው ሰው ሰፈሩን ትቶ ሸሽቶ ነበርና።

ነገር ግን የበሽታው ዘር ወደ ጉድጓዱ እንዴት ገባ? ይህን መርምሮ ያገኘው ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል የዚያ ሰፈር ቄስ ነው። ከመሳቢያው ፊት ለፊት ባለው ቤት አንዲት ሕፃን ታማ ነበር። እናቲቱ የሕፃኗን ጨርቅ አጥባ እጣቢውን ከቤቱ ሥር ወደ ነበረው የእድፍ ጉድጓድ ትደፋው ነበር። የጉድጓዱ ግንብ ፈርሶ ነበር፤ ከውኃው ጉድጓድም የሚርቀው አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። እናቲቱ ክፉ አላሰበችም፤ እናት ሁሉ እንደምታደርገው አደረገች። እጣቢው ግን በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ወደ ጎረቤቶቿ ጽዋ ገባ።

እንግዲህ እድፍ ሁሉ ወደ ወንዝ የሚገባ ከሆነ፥ ወንዞች ሁሉ ስለ ምን ገምተው አልቀሩም? ይህን ለማስተዋል የእንጀራ ሊጥን ማሰብ ይበቃል። ሴት ጤፍ ባቦካች ጊዜ ከቀድሞው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች። በእርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቃን ሕያዋን አሉ፤ እነርሱም ዱቄቱን እየበሉ ይበዛሉ፥ ሊጡም ኩፍ ይላል። በወንዝ ውኃም ባክቴሪያ የሚባሉ እንደነዚህ ያሉ ረቂቃን አሉ፤ በውኃው የሟሟውን ምግብ ይበሉታል። በልተውም እንደ ጨረሱ ውኃው ይጠራል። ወንዝ ራሱን ያጥባል ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ረቂቃን ሲበሉ እንደ ሰው ይተነፍሳሉ። በውኃ ውስጥ የሟሟ ጥቂት አየር አለ፤ ዓሣም የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። ምግቡ ጥቂት ሲሆን አየሩ ለሁሉም ይበቃል። ወንዙም በድንጋይ ላይ እየተንደረደረ ሲሄድ አዲስ አየር ይጨምራል፤ የሶር ወንዝም ከመቱ ጥቂት ራቅ ብሎ በጫካ መካከል ከገደል ሲወረወር ነጭ ሆኖ የሚታየው ውኃው ከአየር ጋራ ስለሚደባለቅ ነው። ምግቡ በድንገት የበዛ እንደ ሆነ ግን ረቂቃኑ እጅግ ይበዛሉ፥ አየሩንም ሁሉ ይጨርሱታል። ያን ጊዜ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። አየር የማይፈልጉ ሌሎች ረቂቃንም በቦታቸው ይተካሉ፤ ከእነርሱ ሥራ የሚወጣው ሽታ እንደ ገማ እንቁላል ነው።

በኢሉባቦር ይህን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ማንም የማይጠረጥረው ቡና ነው። ቡና በሁለት መንገድ ይሰናዳል። አንደኛው እሸቱን ከነልጣጩ በፀሐይ ማድረቅ ነው፤ ይህ ጀንፈል ይባላል፥ ውኃም አይፈልግም። ሁለተኛው እሸት ቡናውን በመፈልፈያ መኪና ልጦ፥ በገንዳ ውስጥ አቆይቶ ማጠብ ነው። በቡናው ፍሬ ላይ እንደ ማር የሚጣበቅ ጣፋጭ ልጋግ አለ፤ ሕፃናት እሸቱን ሲመጡት ደስ የሚላቸው ስለዚህ ነው። በጥቅምትና በኅዳር፥ ቡናው በሚለቀምበት ወራት፥ ይህ ልጋግ ሁሉ ከማጠቢያው ውኃ ጋራ ይወጣል። ዝናቡ ባቆመበት፥ ወንዙም እየቀነሰ በሚሄድበት ጊዜ ነው የሚወጣው። መርዝ አይደለም፥ ጣፋጭ ነገር ነው፤ ነገር ግን ረቂቃኑ ግብዣ እንዳገኘ ሰው ይሠለጥኑበታልና ውኃው ይጠቁራል፥ ይኮመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በጅማ አጠገብ ከቡና ማጠቢያ በታች የሚኖሩ ሰዎች ከውኃው የተነሣ የቆዳ ማሳከክ፥ የዓይን ሕመምና የሆድ ሕመም እንዳገኛቸው መናገራቸውን ጽፎአል። የታጠበ ቡና ከደረቁ ይልቅ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ ማንም ቡናህን አትጠብ ሊባል አይገባውም። የሚጠየቀው እጣቢው የሚደፋበት ስፍራ ነው።

ለዚህ ነገር ኢሉባቦር ከጥንት ጀምሮ አንድ መልካም ነገር አለው። በኮረብቶቹ መካከል ባሉት ሸለቆዎች ውስጥ ቄጠማ የሞላባቸው ረግረጎች አሉ፤ የአገሩ ሰው ጨፌ ይላቸዋል። እንግዳ ሰው ሲያያቸው ከንቱ ጭቃ ይመስሉታል። የአገሩ ሰው ግን ቄጠማውን አጭዶ ቤቱን ይከድንበታል፥ በበዓል ቀንም በቤቱ ውስጥ ይጎዘጉዘዋል። ሴቶች ከዳሩ ከሚፈልቀው ምንጭ ውኃ ይቀዳሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የጨፌ ሥራ ግን የማይታይ ነው። ጎርፍ ከኮረብታው እየፈጠነ ይመጣል፤ ወደ ጨፌ በገባ ጊዜ ግን የቄጠማው አገዳ ስለሚይዘው እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይሄዳል። ቀስ ሲል ጭቃው ይዘቅጣል። በየአገዳው ላይ ረቂቃኑ ተጣብቀው ይኖራሉና የሚያልፈውን ምግብ ይበሉታል። ከበሉት የተረፈውን ሥሩ ይመጠዋል፤ ለመሬት ፍግ የሚሆነው ለቄጠማም ፍግ ነውና። ከበሽታ ዘርም ብዙው በሰው ሆድ ውስጥ እንጂ ፀሐይ በሚያገኘው ውኃ ውስጥ ብዙ ቀን መኖር አይችልም፤ በመዘግየቱ ብዛት ብዙው ያልቃል። ከላይ ደፍርሶ የገባ ውኃ ከታች ጠርቶ ይወጣል።

ሰው ይህን ሁሉ ሳያውቅ አንዳንድ ጊዜ ጨፌውን በቦይ አድርቆ በቆሎ ይዘራበታል። ይህን የሚያደርገውን ሰው በመስደብ መቸኮል አይገባም። ክረምት ሲገባ የቀድሞው እህል ከጎተራ ያልቃል፥ አዲሱም ገና አልደረሰም፤ በጨፌ የተዘራ በቆሎ ግን ያን ጊዜ ይደርሳል። ለብዙ ቤተ ሰብ ከረኃብ የሚያሳልፈው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በኢሉባቦር ረግረጎች ላይ ምርምር አድርገው ነበር። ያገኙትም ነገር፥ ጨፌ ሁሉ ሲታረስ ይጠፋል ማለት አልነበረም። የሚጠፋው ቦዩ እጅግ ጥልቅ ሆኖ ሲቆፈር፥ ያለ ዕረፍት ሲታረስና ከብት ሲበዛበት ነው፤ ያን ጊዜ አፈሩ ይደድራል፥ ምንጩም ይሳሳል። በላይኛው ጫፍና በዳር ዳሩ ቄጠማው የተተወለት ጨፌ ግን ውኃውን ይዞ ይቆያል። በየቦታው ገበሬዎች የጨፌን ሥራ በአንድነት እንዲሠሩ የሚያዝ አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ስሙም አባ ላጋ ይባላል፥ የጅረት አባት ማለት ነው። ቦይ የሚጠረግበትን ቀን የሚነግር፥ ከብቱን ያስገባውንም የሚቀጣ እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሹመት ያለበት አገር ለውኃው ነገር እንግዳ አይደለም።

ከተማ ግን ከጨፌ ኃይል በላይ ያድጋል። ጥቂት ቤቶች የደፉትን እጣቢ የሚያጥብ ረግረግ የብዙ ሺሕ ሰዎችን ሊያጥብ አይችልም። ስለዚህ በዓለም ያሉ ታላላቅ ከተሞች የእድፍ ውኃ ማጣሪያ ይሠራሉ። በአገራችን የታወቀው በአዲስ አበባ ቃሊቲ የሚገኘው ነው። መጀመሪያ የተሠራው በኩሬዎች ነበር፤ በኋላም ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እድፍ ውኃ ለማጣራት እንዲችል ሆነ። አንድ ሜትር ኩብ ማለት ሃያ ሊትር የሚይዘው ጄሪካን 50 ጊዜ ተሞልቶ ነው፤ እንግዲህ ተማሪው ራሱ ያስላው። እንዲያም ሆኖ የአዲስ አበባ እድፍ ሁሉ ወደ ቃሊቲ አይደርስም፤ ብዙው በየወንዙ ወደ አቃቂ ይወርዳል፥ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ኩሬ ይገባል።

የኩሬ ማጣሪያ ሥራ ከጨፌ ሥራ የተማረ ይመስላል። ውኃው መጀመሪያ በብረት ወንፊት ያልፋል፤ ጨርቁና ፌስታሉ እዚያ ይቀራል። ቀጥሎ ወደ ጥልቅ ኩሬ ይገባል፤ በዚያ ከባዱ ይዘቅጣል፥ አየር የማይፈልጉት ረቂቃንም ይበሉታል። ከዚያም ጥልቀት ወደሌለው ሰፊ ኩሬ ያልፋል። በዚህኛው ኩሬ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርግ ደቃቅ ተክል ይበቅላል፤ እርሱም ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን አየር ይሠራል፥ ረቂቃኑም በዚያ አየር እየተነፈሱ ይሠራሉ። በመጨረሻው ኩሬ ፀሐይ የቀረውን የበሽታ ዘር ይገድላል። ይህ ሁሉ ብዙ ቀን ይፈልጋል፥ ሰፊ መሬትም ይፈልጋል፤ ሞተር ግን አይፈልግም።

መሬት የጠበባቸው ከተሞች ሌላ ዘዴ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1914 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የሚባሉ ሁለት ሰዎች እድፍ ውኃ በጠርሙስ አድርገው አየር ነፉበት። እስኪጠራ ድረስ ሳምንታት ፈጀባቸው። ከሥር የዘቀጠውን አተላ ግን አልደፉትም፤ ሌላ አዲስ እድፍ ውኃ በላዩ ጨመሩበት፥ እንደ ገናም አየር ነፉበት። እንዲህ እየደጋገሙ ሄደው በመጨረሻ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚጠራ ሆነ። በአተላው ውስጥ የቀሩት ረቂቃን በዝተው ነበርና። የኢትዮጵያ ሴት ይህን ብትሰማ ብዙ አትደነቅም፤ እርሾ ከአቡኪት ላይ ማስቀረት ለእርስዋ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ በዓለም ያሉ ብዙ ታላላቅ ከተሞች እድፋቸውን የሚያጥቡት በዚህ በእርሾ ዘዴ ነው።

ለመቱ፥ ለጎሬና ለበደሌ ግን የትኛው ይሻላል? መኪናው አየር የሚነፋው መብራት ሲኖር ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን ረቂቃኑ ይታፈናሉ፥ የተሰበረው ዕቃም ከሩቅ አገር እስኪመጣ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ለትንሽ ከተማ ኩሬና ቄጠማ ይስማማል። የቡና ማጠቢያም እጣቢውን በቀጥታ ወደ ጅረት ከመልቀቅ ይልቅ በጉድጓድ አስቀምጦ፥ ከዚያም ሣር በተተከለበት ቦታ ላይ ቀስ እያለ እንዲያልፍ ቢያደርገው እድፉ ይቀንሳል። ለዚህ ከሚሆኑት አንዱ ቬቲቨር የሚባለው ሣር ነው። ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት በኢሉባቦር አፈር እንዳይሸረሸር ብሎ ያስፋፋው ይህ ሣር ሥሩ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል።

ኩሬው እስኪቆፈር ድረስ ግን፥ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ፥ ሥራው በየቤቱ ጓሮ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ውኃ ከሚቀዳበት ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፥ ከምንጩም በላይ ሳይሆን በታች መቆፈር አለበት። እስከ ከርሠ ምድሩ ውኃ ድረስ የወረደ እንደ ሆነ የለንደኑ ጉድጓድ መሆኑ ነው። የታመመ ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውኃም ወደዚሁ ጉድጓድ እንጂ ወደ ደጅ አይደፋም።

የሲኒው እጣቢ ቀላል ነው። ከአጥሩ ሥር አንድ ክንድ ተኩል ያህል ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፥ ከላይ ጠጠር ይሞላበታል። እመቤቲቱ እጣቢዋን ጧት ጧት በጠጠሩ ላይ ትደፋዋለች። በድንጋዮቹ ላይ ረቂቃኑ ይሰፍሩበታል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ቢገለጥ ድንጋዩ ሁሉ እንደ ዓሣ ቆዳ አንሸራታች ሆኖ ይገኛል። ዝናብ በመጣ ጊዜ ጎርፉ በላዩ ያልፋል፥ ከእርሱ ግን የሚወስደው ጥቂት ነው። በአጠገቡ የተተከለው ሙዝም ከሌሎቹ ይልቅ ቅጠሉ ሰፋ ብሎ ይታያል።